ቅርንጫፍ 31 የለንም፦ የተርሚናል ቀለምን በሊኑክስ፣ በማክና በዊንዶውስ በአግባቡ ለመጠቀም

አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። በየሌሊቱ የመሥሪያ ቤታችንን ቅርንጫፎች የመጠባበቂያ ቅጂ ትፈትሽና ውጤቱን በአማርኛ ታወጣለች። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ስትሠራ ታምር ነበር፤ የተሳካው በአረንጓዴ፣ ያልተሳካው በቀይ ይወጣል። ውጤቱ ሌሊት ሌሊት ወደ ፋይል እንዲገባ አደረግሁና ረሳሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋ ደወሉ። «ልጄ፣ የላክህልኝ ፋይል ላይ 31 የሚል ነገር በየቦታው አያለሁ። እኛ እኮ ያሉን ዘጠኝ ቅርንጫፎች ናቸው። ቅርንጫፍ 31 የለንም።»

እውነታቸውን ነው። 31 የቀይ ቀለም ቁጥር እንጂ የቅርንጫፍ ቁጥር አልነበረም። ይህስ አስቆን አለፈ። የማያስቀው ሌላው ነው። ችግር ሲኖር ኢሜይል እንዲልክልኝ ያዘጋጀሁት ሁለተኛ ፕሮግራም «ስህተት» በሚል ቃል የሚጀምር መስመር ይፈልግ ነበር። ቀለም የተቀባ መስመር ግን የሚጀምረው በማይታይ ባይት ነው። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም መስመር አላገኘም፣ አንድም ኢሜይል አልላከም። እኔም ሁሉም ደኅና ነው ብዬ ተኝቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቀለም ከመቀባቴ በፊት በሌላው ጫፍ የሚያነበው ሰው ነው ወይስ ፋይል ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ይህንን ጥያቄ በሦስቱ ስርዓተ ክወናዎች ላይ እንዴት እንደምመልስ ያሳያል። የትእዛዞቹን ስም በድምፃቸው እጽፋለሁ፤ በሥራው ያለ ሰው አይስታቸውም።

1. ባይቶቹን በዓይን ማየት

ተርሚናል ለቀለም የተለየ መንገድ የለውም። ቀለሙም ጽሑፉም በአንድ መስመር ተከታትለው ይሄዳሉ፤ ተርሚናሉ ሲደርሱት የትኛው ትእዛዝ፣ የትኛው ፊደል እንደሆነ ይለያል። መለያው 27 ቁጥር ባይት ነው፤ ስሙ ኢስኬፕ ይባላል። ከእሱ ቀጥሎ ክፍት ማዕዘን ቅንፍ ይመጣል፣ ከዚያ ቁጥር፣ በመጨረሻ ትንሿ ኤም። ኤም ስትደርስ ትእዛዙ ተዘጋ ማለት ነው።

«ስህተት» የሚለውን ቃል በቀይ ስንጽፍ የሚወጣውን ቆጥረን እንይ። መክፈቻው 27፣ 91፣ 51፣ 49፣ 109 ነው፤ አምስት ባይት። 91 ቅንፉ ነው፣ 51 እና 49 ደግሞ የ3 እና የ1 አኃዝ ናቸው፣ 109 ኤም ነው። ከዚያ ስ፣ ህ፣ ተ፣ ት ይከተላሉ። በዩቲኤፍ 8 (ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው ደንብ) አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ አራቱ 12 ባይት ይሆናሉ። መዝጊያው 27፣ 91፣ 48፣ 109 ነው፤ አራት ባይት፣ «ወደ ነበረበት ይመለስ» ማለት ነው። ድምሩ 21 ባይት ሲሆን ዓይን የሚያየው አራት ፊደል ብቻ ነው። ይህን ስሌት ያስታውሱት፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

ቁጥሮቹ ብዙ አይደሉም። ከ30 እስከ 37 ያሉት የፊደል ቀለም ናቸው፦ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ማጀንታ፣ ሳያንና ነጭ በቅደም ተከተል። 10 ከተጨመረበት የጀርባ ቀለም ይሆናል፤ ማለትም ቀይ ጀርባ 41 ነው። ከ90 እስከ 97 ያሉት የእነዚያው ደማቅ ዓይነት ናቸው። 1 ያደምቃል፣ 4 ያሰምራል፣ 39 የፊደሉን ቀለም ብቻ ወደ ተለመደው ይመልሳል፣ 0 ሁሉንም ያጠፋል። ሁለት ቁጥር ማጣመር ሲፈለግ በመካከላቸው የሚገባው ; ነው።

ሥርዓቱ ያረጀ ነው። ኢሲኤምኤ 48 የተባለው ደረጃ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ዛሬ ድረስ ሁሉም ተርሚናል የሚኮርጀው የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ቪቲ 100 ደግሞ በ1978 ወጣ። የሚገርመው ቪቲ 100 ራሱ ቀለም አልነበረውም።

ባይቶቹን ለማየት የፕሮግራሙን ውጤት በፓይፕ (የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው መንገድ) ወደ ካት፣ ማለትም ጽሑፍን ወደሚያሳየው ትእዛዝ፣ ይላኩና ለካት ሰረዝ ቪ የሚለውን አማራጭ ይስጡት። 27 ቁጥሩ ባይት ^[ መስሎ ይታያል። እኔ ይህንን ያደረግሁት ስልክ ከተደወለልኝ በኋላ ነው።

2. ውጤቱ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ

በዩኒክስ ዓለም ኢዝኤቲቲዋይ የሚባል ፈንክሽን አለ። «ይህ መውጫ ከተርሚናል ጋር ተያይዟል ወይ?» ይሉታል፤ አዎ ወይም አይደለም ይላል። በፓይተን የመደበኛው መውጫ ሜተድ ሆኖ ይገኛል፣ በሲ ራሱን ችሎ ይጠራል፣ በሼል ስክሪፕት ቴስት የሚለው ትእዛዝ ሰረዝ ቲ እና 1 ሲሰጠው ያንኑ ይመልሳል። አዎ ካለ ይቀቡ፣ አይደለም ካለ ንጹሕ ጽሑፍ ያውጡ። የእኔ ፕሮግራም የጎደላት ይህቺ አንዲት መስመር ነበረች።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። ፕሮግራም ሁለት መውጫ አለው፤ 1 ቁጥር መደበኛው፣ 2 ቁጥር የስህተት መልእክት የሚወጣበት። ተጠቃሚው አንዱን ወደ ፋይል፣ ሌላውን ወደ ዓይኑ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ለእያንዳንዱ መውጫ ለየብቻ ይጠየቅ። 1ን ጠይቆ 2ን የሚቀባ ፕሮግራም የስህተት ሎጉን (መዝገቡን) ያበላሻል፤ ሎጉን ደግሞ ሰው የሚከፍተው ሲጨንቀው ነው።

3. ተጠቃሚው ያለውን መስማት

ጥያቄው ብቻውን አይበቃም። ተርሚናል ላይ ሆኖም ቀለም የማይፈልግ አለ፤ በፓይፕ እየላከም ቀለሙ እንዲቀር የሚፈልግ አለ። እኔ የምከተለው ቅድሚያ ይህ ነው፤ ከላይ ጀምሮ የመጀመሪያው መልስ ያገኘበት ላይ ይቆማል።

ሀ. በትእዛዙ ላይ በግልጽ የተጻፈ አማራጭ ካለ እሱ ይሰማል። ልማዱ ከለር የሚል አማራጭ ከሦስት ዋጋዎች ጋር ማቅረብ ነው፦ ኦልዌይስ፣ ኔቨር፣ ኦቶ። ቃል ፈላጊው ግሬፕም፣ የፋይሎችን ዝርዝር የሚያወጣው የሊኑክሱ ኤልኤስም እንዲሁ ያደርጋሉ። በማክ ያለው ኤልኤስ ግን የመጣው ከሌላ ቤት ነው፤ ለቀለም ከጥንት የሚያውቀው ሰረዝና ትልቁን ጂ ነው።

ለ. ኖ ከለር የሚባለው ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሞች የሚያነቡት የስርዓተ ክወናው ቅንብር) ከተሞላ ቀለም ይቅር። ስሙ ሁሉም በትልልቅ ፊደል፣ በሁለቱ ቃላት መካከል የግርጌ ሰረዝ ያለበት ነው። ስምምነቱ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን ደንቡ ቀላል ነው፦ ቫሪያብሉ ካለና ባዶ ካልሆነ፣ ዋጋው ምንም ይሁን ምን፣ ቀለም የለም። 0 ተብሎ ቢሞላም ቀለም የለም ማለት ነው። እዚህ ላይ ብልህ ለመሆን ሞክረው «0 ካለማ ይቀባ ማለቱ ነው» የሚሉ ፕሮግራሞች አጋጥመውኛል። አይሞክሩት።

ሐ. ፎርስ ከለር ወይም ክሊከለር ፎርስ ከተሞላ ይቀባ። ይህ የሚያስፈልገው ኮድ ፈትሾ በሚገነባ ሰርቨር ላይ ነው፤ እዚያ ተርሚናል የለም፣ ሎጉ ግን በድረ ገጽ ላይ ባለ ቀለም ሆኖ ይታያል።

መ. ተርም የሚባለው ቫሪያብል ደምብ የሚል ዋጋ ካለው ተርሚናሉ ትእዛዝ አያውቅም ማለት ስለሆነ ቀለም ይቅር።

ሠ. ከዚህ ሁሉ ምንም ከሌለ የኢዝኤቲቲዋይ መልስ ይወስናል።

ለ እና ሐ ሁለቱም ተሞልተው ቢገኙስ? ፕሮግራሞች እዚህ ላይ አይስማሙም። እኔ ለእምቢታው አደላለሁ። ቀለም የጎደለው ጽሑፍ ይነበባል፤ ቅንፍና ቁጥር የሞላው ግን አይነበብም።

4. ዊንዶውስ ላይ በሩን መክፈት

በሊኑክስና በማክ ባይቶቹን መላክ ይበቃል። ዊንዶውስ የተለየ ታሪክ አለው። የድሮው የዊንዶውስ ኮንሶል 27 ቁጥርን እንደ ትእዛዝ አይቆጥረውም ነበር፤ ቀለም የሚቀየረው በስርዓተ ክወናው ፈንክሽን በኩል ነበር። በዚያ ፈንክሽን ሰማያዊ 1፣ አረንጓዴ 2፣ ቀይ 4 ነው። በባይቶቹ ሥርዓት ደግሞ ከ30 በላይ ሲቆጠር ቀይ 1፣ አረንጓዴ 2፣ ሰማያዊ 4 ነው። አረንጓዴው ይገጥማል፤ ቀዩና ሰማያዊው ተለዋውጠዋል። የቆየ ኮድ ወርሰው የስህተት መልእክት በሰማያዊ ሲወጣ ካዩ ምክንያቱን እዚህ ይፈልጉ።

ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ኮንሶሉ ባይቶቹን ያውቃል፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ በሩን ማንኳኳት አለበት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የመውጫውን መያዣ ከስርዓተ ክወናው ይጠይቁ፤ የመደበኛው መውጫ ቁጥር -11፣ የስህተቱ -12 ነው። ቀጥሎ ጌት ኮንሶል ሞድ በሚለው ፈንክሽን አሁን ያለውን ሁኔታ ያንብቡ። ይህ ካልተሳካ መውጫው ኮንሶል ስላልሆነ ሥራው እዚህ ያበቃል፤ ንጹሕ ጽሑፍ ያውጡ። ከተሳካ ያነበቡትን ቁጥር ሳያጠፉ 4 ዋጋ ያለውን ቢት ይጨምሩበትና በሴት ኮንሶል ሞድ መልሰው ይስጡ። ይህ ደግሞ እምቢ ካለ ኮንሶሉ አሮጌ ነው፤ አሁንም ንጹሕ ጽሑፍ። ፕሮግራሙ ሲያበቃ መጀመሪያ ያነበቡትን ሁኔታ ይመልሱ፤ እንግዳ የቤት ዕቃ አዟዙሮ አይሄድም።

በፓይተን የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ በእጁ መጻፍ አያስፈልገውም። ከለራማ የሚባለው ላይብረሪ ከ0.4.6 ጀምሮ የዊንዶውስን ኮንሶል ብቻ የሚያስተካክል ፈንክሽን አለው፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ አንድ ጊዜ ይጠሩታል፤ በሌላ ስርዓተ ክወና ላይ ምንም አያደርግም።

ከጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ) ጋር የሚመጣው የባሽ፣ ማለትም የትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም፣ መስኮት ለብቻው አንድ ቃል ያስፈልገዋል። በቆዩት እትሞቹ መስኮቱ ለዊንዶውስ ፕሮግራም የሚታየው እንደ ፓይፕ ነው፤ ስለዚህ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየ ፕሮግራሙ «ተርሚናል የለም» ይላል። ቀለም ጠፋ ብለው ኮዱን ከማመሳቀልዎ በፊት በሌላ መስኮት ይሞክሩት፤ ለባሹ ደግሞ ፎርስ ከለርን ይጠቀሙ።

አሁን ለእኛ ወደሚብሰው እንምጣ። በዊንዶውስ ላይ አማርኛና ቀለም የሚበላሹት በአንድ ቦታ ነው፤ ውጤቱ ከኮንሶል ወጥቶ ወደ ፋይል ሲዞር። ፓይተን ከ3.6 ጀምሮ ኮንሶል ላይ አማርኛን ያለ ችግር ያወጣል። ያው ፕሮግራም ወደ ፋይል ሲላክ ግን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚጽፈው በስርዓቱ የቆየ የፊደል ሰንጠረዥ ነው፤ ሰንጠረዡ ውስጥ «ሀ» የለችም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ መሃል መንገድ ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ፓይተን ዩቲኤፍ 8 የሚባለውን ቫሪያብል 1 ማድረግ ነው፤ ከፓይተን 3.7 ጀምሮ ይሠራል። በሌሎች ቋንቋዎች ለተጻፉ ፕሮግራሞች ደግሞ ኮንሶሉን ቀድሞ ቻፕ በሚባለው ትእዛዝ (ሲ፣ ኤች፣ ሲ፣ ፒ) ወደ 65001 ማዞር ብዙ ጊዜ ጥያቄ ምልክቶቹን ወደ ፊደል ይመልሳቸዋል።

5. ቀለም መምረጥ

የተጠቃሚው መስኮት ጥቁር ይሁን ነጭ አያውቁም። ቢጫ በነጭ ላይ አይነበብም። ጥቁር ሰማያዊ በጥቁር ላይ አይነበብም፤ ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 የኮንሶሉን ሰማያዊ ከ0፣ 0፣ 128 ወደ 0፣ 55፣ 218 ያነጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ ለተራ መልእክት ቀለም አይስጡ፤ የተጠቃሚው የራሱ ቀለም ይሁን። ቀይ፣ አረንጓዴና ድምቀት ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ። የብራና ጸሐፊዎቻችን በሁለት ቀለም ብዙ ዘመን ሠርተዋል፤ ጥቁሩ ለዋናው ጽሑፍ፣ ቀዩ ለአርእስትና ለቅዱሳን ስም። ገጹን ሁሉ በቀይ የጻፈ ሰው ምንም አላጎላም።

ከ16ቱ መሠረታውያን ቀለሞች ያለፈ ነገር ከፈለጉ 38፣ 5 ብለው ከ0 እስከ 255 አንዱን ቁጥር ማስከተል ይቻላል። 256ቱ የሚገኙት ከ16ቱ መሠረታውያን፣ ከ216 ቅይጦችና ከ24 ግራጫዎች ነው። 38፣ 2 ብለው ደግሞ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን ለየብቻ መስጠት ይቻላል። የማክ የራሱ ተርሚናል ለብዙ ዓመታት ይህንን የመጨረሻውን አያውቀውም ነበር። የማያውቅ ተርሚናል ቁጥሮቹን በተናጠል እንደ ትእዛዝ ሊያነባቸው ይችላል፤ 5 ደግሞ ብልጭ ድርግም የሚያስደርግ ቁጥር ነው፤ ውጤቱን መገመት ይቻላል። ከለር ተርም የሚባለው ቫሪያብል ትሩ ከለር የሚል ካልሆነ ወደዚህ አይግቡ።

ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ በተለይ ከወንዶች። ስለዚህ ቃሉ ምንጊዜም ይኑር። «ስህተት» ተብሎ ይጻፍና ከዚያ ይቀባ፤ ቀይ መሆኑ ብቻ መልእክት አይሁን።

6. ዓምዶችን ማሰለፍ

21 ባይቱን ያስታውሳሉ? ሠንጠረዥ ለማሰለፍ «ይህንን ቃል በአሥር ቦታ ላይ አስቀምጥ» ብለው ቢያዝዙ ፊደል የሚቆጥር ቋንቋ የቀለሙን ባይት ጨምሮ 13 ይቆጥራል፤ ከአሥር በላይ ስለሆነ ምንም ክፍት ቦታ አይጨምርም። ዓይን ያየው አራት ፊደል ነው። ዓምዱ ይፈርሳል። ሥራው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ መጀመሪያ ንጹሑን ቃል በክፍት ቦታ ይሙሉ፣ ከዚያ ይቅቡት።

በሲ የሚጽፍ ሰው ይህንንም አድርጎ ላይሳካለት ይችላል፤ ምክንያቱም የሲ ፕሪንትኤፍ የሚቆጥረው ባይት ነው። ለእሱ ያልተቀባው «ስህተት» እንኳ 12 ነው። እንዲህ ባለው ቋንቋ ፊደሎቹን ራስዎ ቆጥረው ክፍት ቦታውን በእጅ ይጨምሩ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም የአማርኛው ዓምድ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ ሊመስል ይችላል። ተርሚናሎች ለግዕዝ ፊደል የሚሰጡት አንድ ሣጥን ነው፤ ብዙዎቹ ፎንቶች ግን ለመጽሐፍ እንጂ ለሣጥን አልተሳሉም፤ እንደ ጨ እና ጠ ያሉት ሰፋፊ ፊደላት ወደ ጎረቤት ይፈስሳሉ። ከፕሮግራም ውስጥ የሚታከም ነገር አይደለም። እኔ የማደርገው ቁጥሩንና ቀኑን በግራ፣ አማርኛውን በመጨረሻው ዓምድ ማስቀመጥ ነው። ከመጨረሻው ዓምድ በኋላ የሚገፋ ነገር የለም።

የባሽን መቀበያ መስመር የሚቀቡ ከሆነ የቀለም ባይቶቹን በ \[ እና በ \] መካከል ያስገቡ። ካላስገቡ ረጅም ትእዛዝ ሲጽፉ መስመሩ በራሱ ላይ ይጻፋል።

7. መዝጋትና መከላከል

የከፈቱትን ይዝጉ። ተጠቃሚው በመሃል ኮንትሮል ሲ ቢጫን መስኮቱ ቀይ ሆኖ እንዳይቀር፣ ፕሮግራሙ ሲቋረጥ የሚሮጠው የጽዳት ክፍል 0 ቁጥሩን ይላክ። የጀርባ ቀለም ከተጠቀሙ ደግሞ ከመስመር መቀየሪያው በፊት ይዝጉት፤ አለበለዚያ ቀለሙ እስከ መስኮቱ ዳር ይደፋል።

ከውጭ የመጣ ጽሑፍን፣ የፋይል ስምም ይሁን የተጠቃሚ ስም፣ ሳያጣሩ አያትሙ። በውስጡ 27 ቁጥር ባይት ካለ የሌላ ሰው ትእዛዝ በእርስዎ ተርሚናል ላይ ይፈጸማል፤ ስክሪን ማጽዳት፣ የታተመን መስመር መሸፈንም ይችላል። 27ን በጥያቄ ምልክት ይተኩት። የሊኑክሱ ኤልኤስም ተርሚናል ላይ ሲያትም በፋይል ስም ውስጥ ያሉ መሰል ባይቶችን እንዳሉ አያወጣቸውም።

8. መሞከር

ፕሮግራሙን በቀጥታ ያስነሱ፤ ቀለም ይታይ። በፓይፕ ወደ ካት ሰረዝ ቪ ይላኩት፤ አንድም ^[ እንዳይታይ። 1 ቁጥሩን መውጫ ብቻ ወደ ፋይል ያዙሩ፤ በስክሪኑ ላይ የቀረው የስህተት መልእክት ቀለሙን ይያዝ። ኖ ከለርን 1 ብለው ያስነሱ፣ ከዚያ 0 ብለው፣ ከዚያ ባዶ አድርገው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀለም ይጥፋ፣ በሦስተኛው ይመለስ። ኦልዌይስ ብለው ጽሑፍን ገጽ በገጽ ወደሚያሳየው ሌስ ይላኩት፤ ሌስ ቀለሙን የሚያሳየው ሰረዝና ትልቁን አር ሲሰጡት ነው። በነጭ ጀርባ መስኮት ይክፈቱት። በዊንዶውስ ላይ ወደ ፋይል ልከው በኖትፓድ ይክፈቱ፤ አማርኛው ይነበብ።

ቀድሞ የተበላሸ ፋይል ካለዎት ሴድ የሚባለው ጽሑፍ ፈልጎ የሚተካ ትእዛዝ ያጸዳዋል። የሚፈለገው ቅርጽ 27 ቁጥር ባይት፣ ክፍት ቅንፍ፣ ከዚያ ምንም ያህል አኃዝና ;፣ በመጨረሻ ኤም ነው፤ በባዶ ይተካል። እኔም የሦስቱን ሳምንት ፋይሎች እንዲሁ አጸዳሁና «ስህተት» በሚል የሚጀምሩትን መስመሮች ፈለግሁ። 11 ወጡ። ሁሉም የአንድ ቅርንጫፍ ናቸው፤ ዲስኩ ሞልቶ ነበር።